ብርሃኑን በስቲከር አትለውጡብን

ኮምቦልቻ ውስጥ ያለች አንዲት የካቶሊክ ጸሎት ቤት ባለ ቀለም የመስታወት መስኮቶቿ ሊነቀሉ ነው። የሕንፃ ኮሚቴው ወስኗል። የተሰነጠቁት ጥቂት ናቸው፤ የሚነቀሉት ግን ሁሉም። በምትካቸው የአሉሚኒየም ፍሬምና ነጭ መስታወት ይገባል። "ሥዕሉ የሚናፍቀው ካለ ስቲከር አሳትመን እንለጥፋለን፤ ያው ነው" ተብሏል።

ያው አይደለም።

መጀመሪያ ግን ከሁሉ በላይ ያናደደኝን ልናገር። ከኮሚቴው አባላት አንዱ በፈረንሳይዋ ከተማ በሉርድ የታየችው እመቤታችን ያለችበትን መስኮት እያሳየ "ይሄ የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ ለእኛ ሰው ምኑም አይደለም" አለ። ይህን ወሎ ውስጥ ቆሞ መናገር ድፍረት ነው። ግሸን ማርያም ያለችው እዚሁ አምባሰል ነው። በየዓመቱ ለመስከረም 21 አገር ምድሩ የሚተመው በእኛው ከተማ አቋርጦ ነው። ግንቦት 21 የሚነበበውን ስንክሳርስ ይህ ሰው ሰምቶ አያውቅም? በግብፅ ደብረ ምጥማቅ እመቤታችን አምስት ቀን በብርሃን ትገለጥ እንደነበር የተጻፈው እዚያ ነው። ያ ደብር መፍረሱን ሲሰሙ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በተጉለት በዚያው ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ነገሩ የሆነው በ15ኛው መቶ ዘመን ነው። ሉርድ ገና አልታሰበችም! የሩዋንዳዋ ኪቤሆስ? እመቤታችን እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የታየችው ለተማሪ ልጃገረዶች ነው፤ የአካባቢው ጳጳስም በ2001 አጽድቀውታል። ሩዋንዳም ፈረንጅ ልትባል ነው? ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንኳ መርየምን ያከብሯታል፤ በቁርኣን ውስጥ በስሟ የሚጠራ ሱራ አለ። ባዕድ የሆነችው ለኮሚቴው ብቻ ነው።

የሉርዷ በርናዴትስ ማን ነበረች? የከሰረ ወፍጮ ፈጪ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1858 እንጨት ልትለቅም ወጥታ ነው ያየቻት። ዕድሜዋ 14 ነበር። እንጨት ለቃሚ ልጅ የወሎ ሰው አይገባውም የሚል ሰው ወሎን አያውቅም።

ሌላው ደግሞ ብልጥ መስሎት "ቤተ ክርስቲያን ራሷ በሉርድ ማመን ግዴታ ነው አትልም" ብሏል። ልክ ነው፣ አትልም። መገለጦች የሃይማኖት ግዴታ አይደሉም። ክርስቶስ ከድንግል መወለዱ ግን ግዴታ ነው፤ መስታወቱ የሚሰብከው ደግሞ እሱን ነው።

የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ይህን ምሥጢር ሲያስተምሩ ወደ መስታወት ያመለክቱ ነበር። ፀሐይ በመስታወት ያልፋል፤ መስታወቱ አይሰበርም። ወልድም እንዲሁ ከድንግል ተወለደ፤ ድንግልናዋም አልተለወጠም። ብርሃኑ ሲያልፍ ደግሞ የመስታወቱን ቀለም ይለብሳል፤ እሱም ከእሷ ሥጋን ነሣ። ሕዝቅኤል ያየው የተዘጋ በር፣ ሙሴ ያያት ነድዳ ያልተቃጠለችው ዕፅ፣ ሁሉም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሌላ ሥዕል ስለዚህ ነገር ይናገራል። መስታወት ግን ነገሩን ጠዋት ጠዋት ያደርገዋል። ምሥጢሩ የተሣለው ሥዕል ላይ ብቻ አይደለም። ብርሃኑ ራሱ፣ መስታወቱ ራሱ ትምህርት ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት ቁርባን ስትቀበል ሰማያዊው ብርሃን ነጠላዋ ላይ ያርፋል። ለእሷ ከዚህ የተሻለ ምን ስብከት አላችሁ?

ስቲከር ይህን አይችልም። የእውነተኛው መስታወት ቀለም ከውስጡ ነው። ብርጭቆው ቀልጦ ሳለ ነው የብረታ ብረት ኦክሳይድ የሚጨመርበት፤ ሰማያዊው ከኮባልት ይመጣል። ፊትና እጅ ከላይ ይሣልና በእሳት ይጋገራል። ቁርጥራጩ በእርሳስ ማዕድን ይያያዛል። ስቲከር ግን ላዩ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው። ብርሃኑን ይጋርዳል። የኮምቦልቻ ፀሐይ ምን እንደሚያደርገው ደግሞ የሱቆቹን የነጣ ማስታወቂያ ማየት ይበቃል።

አንዱ መስኮት ላይ ከእጆቿ ጨረር የሚፈልቅ፣ እባብ የረገጠች ማርያም አለች። እ.ኤ.አ. በ1830 ፓሪስ ውስጥ ለካትሪን ላቡሬ የታየችው ናት። ካትሪን የቅዱስ ቪንሰንት ማኅበር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አገራችን የመጡት ሚሲዮናዊው አቡነ ያዕቆብም ከዚያው ቤት ናቸው። እሱንም ነቅላችሁ ልትጥሉት ነው?

የገንዘቡ ነገር ይገባኛል። ጥገና ውድ ነው። ግን ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነት ሲመጣ የሻርትር ካቴድራልን መስታወቶች ያወረዱት ሊያድኗቸው ነው። እኛ በሰላም ጊዜ ልንጥላቸው እናወርዳለን። የተሰነጠቀው ብቻ ይውጣ። ለእሱ ይዋጣ፤ እኔም አዋጣለሁ። የቀረው ባለበት ይቆይ። ኮሚቴውም ምእመናኑን ሰብስቦ ሳያነጋግር አንድም መስታወት እንዳይነካ።