ስንዴው በአንድ መስመር አይታለፍም

ሞርሞን በሚባለው የአሜሪካ ሃይማኖት የሴቶች መሪ ስለነበረችው ስለ ኤመሊን ዌልስ የጻፋችሁትን በአንድ ትንፋሽ አነበብኩት። በአሜሪካዋ የዩታ ግዛት ለሴቶች የመምረጥ መብት መታገሏን በደንብ አሳይታችኋል። ስንዴውን ግን በአንድ መስመር አለፋችሁት። እኔን የነካኝ ደግሞ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1876 የሞርሞኖች መሪ ብሪገም ያንግ እህል የማጠራቀሙን ሥራ ለሴቶቹ ሰጠ፤ ኃላፊዋ ኤመሊን ሆነች። አጨዳው ሲያልቅ ሴቶችና ልጆች ማሳ ለማሳ እየዞሩ ቃረሙ። የወደቀችውን ዛላ ሁሉ ጎንበስ ብሎ መልቀም ማለት ነው። ቃርሚያ ወገብ እንዴት እንደሚቆርጥ የገጠር ልጅ ያውቃል። ጎተራም አሠሩ። በ1906 የመሬት መንቀጥቀጥ ሳን ፍራንሲስኮን ሲያወድማት ከዚያው ክምችት እርዳታ ተላከ። በ1918 ከ200,000 ቡሽል (አንዱ 27 ኪሎ ገደማ ነው) በላይ ስንዴ ለአሜሪካ መንግሥት ሸጡ። በዓመቱ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ዊልሰን ወደ ዩታ ዋና ከተማ ሶልት ሌክ ሲቲ ሲመጣ እሷ ዘንድ ሄዶ አመሰገናት። ያኔ 91 ዓመቷ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በ15 ዓመቷ ተዳረች። የመጀመሪያ ልጇ ሕፃን ሳለ ሞተ፤ ባሏም ትቷት ሄዶ በዚያው ቀረ። ከ1877 እስከ 1914 የሴቶች ጋዜጣ ያዘጋጀችው ይህችው ሴት ናት። እባካችሁ ስለ ጋዜጣው ለብቻው ጻፉልን።