ባቄላው ይቅር፣ ማርከር ይሻላል

የሐይቅ ዓሣ ብዛት የሚገመተው ጥቂቱን ይዞ፣ ምልክት አድርጎ ከመለሱ በኋላ በሌላ ናሙና ውስጥ ምልክት ያለባቸው ስንት እንደሆኑ በመቁጠር ነው፤ በከረጢት ያለ ቦሎቄን ጠቅላላ ብዛት በዚሁ መንገድ መገመት ለ8ኛ ክፍል ጥሩ ሙከራ ነው። ሙከራውን የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ ግን ምልክት በማድረግ ፈንታ የተወሰነውን ቦሎቄ በባቄላ ተኩ ይላል፤ ይህ አያስኬድም። ከረጢቱ ሲናጥ ትልልቁ ፍሬ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጣትም ባቄላውን ሳያይ ይለየዋል። ናሙናው አደላ ማለት ነው።

60 ቦሎቄ በማይለቅ ማርከር በሁለቱም ጎን ቀቡ፣ በደንብ ይድረቅ (እርጥቡ ሌላውን ያቀልማል)፣ ከዚያ በድምሩ 400 ገደማ እንዲሆን ከቀሪው ጋር ቀላቅሉ። ተማሪው ሳያይ 50 ፍሬ አውጥቶ ምልክት ያለባቸውን ይቆጥራል። ግምቱ 60 በ50 ተባዝቶ ለተገኘው ቁጥር ሲካፈል ነው፦ 7 ቢገኝ 429፣ 10 ቢገኝ 300፣ 4 ቢገኝ 750። ቀጣዩ ቡድን ከማውጣቱ በፊት 50ዎቹ ተመልሰው እንደገና ይቀላቀሉ።

ዋናው ቁም ነገር ከዚህ በኋላ ነው። የሁሉንም ቡድን ግምት ሰሌዳ ላይ በቁጥር መስመር በነጥብ አስቀምጡ። አካፋዩ ሲያንስ ውጤቱ ስለሚወነጨፍ ነጥቦቹ ወደ ቀኝ ይሳባሉ፤ አማካዩም አብሮ ይጎተታል፣ ሚዲያኑ (ግምቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ግን ብዙም አይነቃነቅም። አማካይና ሚዲያን ለምን እንደሚለያዩ ለማሳየት ከዚህ የቀለለ መንገድ ያለ አይመስለኝም።

ጊዜ ለመቆጠብ ብላችሁ ናሙናውን ወደ 20 አታውርዱት፤ አልፎ አልፎ ምልክት ያለበት አንድም ፍሬ አይወጣም፣ በ0 ማካፈል ደግሞ አይቻልም።