ቆሞ የመብላት ቁም ነገር

ሰሞኑን ደም የሚያፈላው ትዕይንት ይሄ ነው። ወዳጃችን ጃፓን ሊጎበኝ ሄዶ ኦሳካ ከተማ ገብቷል። ዶቶንቦሪ በሚሉት የመብራት ጎርፍ መሃል ይራመዳል። በግራ እጁ ስልክ፣ በቀኙ ስምንት ድቡልቡል ታኮያኪ (ኦክቶፐስ የተባለው የባሕር እንስሳ ሆዱ ውስጥ የገባበት የሊጥ ኳስ) የተደረደረበት የጀልባ ቅርጽ ሳሕን። ሦስተኛ እጅ ስላልተሰጠው ስልኩን ለሚስቱ ያቀብልና፣ እርምጃውን ሳያቋርጥ፣ አንዷን ድቡልቡል እንዳለች አፉ ውስጥ ይከታታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ዓይን ይፈጣል፣ እጅ እንደ እሳት ማራገቢያ ይርገበገባል፣ አፍ ተከፍቶ «ሁ! ሁ! ሁ!» ይላል፣ እንባ ዱብ ይላል። በመጨረሻ አውራ ጣት ይነሳል፦ «ዋው! ይጣፍጣል!»

ምኑ ነው የጣፈጠህ? ምላስህ እኮ ተቀቅሏል። ከነገ ወዲያ ድረስ ሽሮና ውሃ አትለይም።

የጥፋቱ ልክ እንዲገባን ድቡልቡሏን እንፍታት። ታኮያኪን በ1935 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኦሳካ ውስጥ የጀመረው ቶሜኪቺ ኤንዶ የተባለ የአይዙያ ሱቅ ባለቤት ነው፤ ኦክቶፐስ የመጨመሩን ነገር ከአካሺ ከተማ ልማድ ተውሶ። ሊጡ ለ100 ግራም የስንዴ ዱቄት 350 ሚሊ ሊትር ያህል ዳሺ የተባለ መረቅና አንድ እንቁላል ይገባበታል። ከእንጀራ ሊጥ የቀጠነ ነው። ምጣዱ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበት ብረት ሲሆን የአንዱ ጉድጓድ አፍ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዘይት ሳይሰሰት ይቀባል፣ ከዚያ ሊጡ ጉድጓዱን ሞልቶ ሜዳው ላይ እስኪተኛ ይፈሳል። ጀማሪ ይሄን ሲያይ «ፈሰሰባቸው!» ይላል። አልፈሰሰባቸውም፤ የኳሷ ሁለተኛ ግማሽ የሚሠራው ከዚያ ትርፍ ነው። የተቀቀለ ኦክቶፐስ ቁራጭ፣ የተጠበሰ የሊጥ ፍርፋሪ፣ ቀይ የኮመጠጠ ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል ይበተንበታል። ዳሩ ጠንከር ሲል በወስፌ መሳይ ብረት ሜዳው እንደ መስኮት ፍርግርግ ይቆረጥና እያንዳንዷ ሩብ ዙር ትገለበጣለች፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ይጠበቃል፤ እንደገና ሩብ ዙር። ቸኩሎ የገለበጠ ይቀደድበታል። የዘገየ ደግሞ ሊጡ ስለደረቀበት ግማሽ ጨረቃ ታቅፎ ይቀራል። የእንጀራው ዓይን ሳይወጣ አክንባሎ የምትደፋ ሙሽራ ካያችሁ ነገሩ ይገባችኋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ትዕግሥት ያፈራው ነገር ውጪው ስስ ቅርፊት፣ ውስጡ ሆን ተብሎ ያልጠነከረ ዝልግልግ ነው። ኦሳካዎች «ቶሮቶሮ» ይሉታል። ውሃ የበዛበት ሊጥ ሙቀቱን አምቆ ይይዛል፣ ቅርፊቱ እንፋሎቱን ይከድነዋል፣ ዝልግልጉ ደግሞ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። በገንፎ ያደገ ሕዝብ ይሄ ሊነገረው ባልተገባ ነበር! ላዩ የቀዘቀዘ መስሎ ሆዱ እሳት የሆነ ገንፎን ከዳር እየቆረሱ የመብላት ጥበብ ከእናት ጓዳ የተማረ ሰው፣ ጃፓን ሲደርስ መሃሉን እንዳለ ይውጣል። ጃፓኖችም አይቃጠሉም ማለት አይደለም። ትኩስ ነገር አፍ ውስጥ እያገላበጡ ሲተነፍሱ ለሚወጣው ድምፅ «ሃፉሃፉ» የሚል ቃል እስከማበጀት ደርሰዋል። እነሱ ግን ሃፉሃፉ የሚሉት ቆመው ነው። አናቷን በስቴኪኒ ቀደድ ያደርጋሉ፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ይጠብቃሉ። በዚያች ሁለት ደቂቃ ላይዋ ላይ የተነሰነሰው የደረቀ ዓሣ ፍቅፋቂ ሲወዛወዝ ማየት ይቻላል። «በሕይወት አለ እንዴ?» የሚሉ አሉ። የለም፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ስለሆነ እንፋሎት ሲነካው ይጠቀለላል፣ ይዘረጋል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የምትለዋ ተረት እንዲህ ላለው ቀን የተቀመጠች ናት። ሦስት ቃል፤ ጥፋቱም ቅጣቱም ውስጧ አለ። እኛ ግን እሷን ጓዳ ትተን በየሠርጉና በየምርቃቱ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን ስንት ዘመን ኖርን። ይህቺን ተረት የሚናገር ሰው ማይክ ሲጨብጥ ከአዳራሽ መውጣት የቆየ ልማዴ ነው። መጀመሪያ ነገር፣ የሚሄደው እንቁላሉ ሳይሆን ጫጩቱ ነው። ሁለተኛ፣ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተባለ እንጂ እንቁላል በእጁ የያዘ ሰው እየሄደ ይብላ የሚል አልወጣትም።

መሄድ ካልን፣ ነገሩ የተበላሸው ከትርጉም ነው። ጃፓኖች «ታቤአሩኪ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ ቃል በቃል ሲፈቱት «በልቶ መሄድ» ይመስላል። መዝገበ ቃላት የያዘ ሁሉ ዘሎ «እየተራመዱ መብላት የጃፓን ባህል ነው» አለ። የቃሉ ቀዳሚ ትርጉም ግን ከአንዱ ምግብ ቤት ወደ ሌላው እየዞሩ መቅመስ ነው። እየተራመዱ ማኘክ «አሩኪጉይ» ይባላል፤ ቃሉም ብዙ ጊዜ የነቀፌታ ቃና አለው። ቆሞ መብላት ደግሞ «ታቺጉይ» ነው፤ እሱ የተከበረ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ወንበር የሌላቸው፣ ሶባ የተባለ ኑድል የሚሸጡ ቤቶች ባለሥራ ሰው በቆመበት አምስት ደቂቃ ውስጥ በልቶ ይወጣባቸዋል። ካማኩራ ከተማ በሚያዝያ 2019 ሰው በሚጨናነቅባቸው እንደ ኮማቺ ባሉ መንገዶች እየተራመዱ መብላትን የሚነቅፍ ደንብ አወጣች። ቅጣት የለውም። ቅጣት የሌለው ሕግ እኛ ዘንድ ምክር ይባላል፤ እነሱ ዘንድ ግን ከመቀጮ ይልቅ ዓይን ያስፈራል። ኪዮቶ የሚገኘው የኒሺኪ ገበያም 390 ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጭን መተላለፊያ ነው፤ ሶስ የሚንጠባጠብበት እንጨት ይዘህ ስትገፋበት የምታበላሸው የሌላ ሰው ኪሞኖ ነው። ስለዚህ «ከሱቁ ፊት ቆመው ይብሉ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በእንግሊዝኛም ጭምር። ሥዕልም አለው። ሥዕል!

ይህን የሚጥሰውስ ማን ነው? መንገድ ላይ መብላትን ነውር ብሎ ያደገ ሰው እኮ ነው። ጌቶች ሲበሉ መጋረጃ ይጋረድባት የነበረች አገር ልጅ፤ ቡዳ እንዳይበላው ቆሎ እንኳ ከኪሱ እየሰረቀ የሚቆረጥም። ክረምት ላይ ለበቆሎ እሸት ካልሆነ በቀር አፉን አደባባይ የማይከፍት ጨዋ፣ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ሲያርፍ የኦክቶፐስ እግር እያውለበለበ በሰው መሃል ይሄዳል። የጃፓን ቡዳ አይበላም ያለው ማን ነው?

ጨርሶ ሲያበቃ ደግሞ እንጨቱንና ሳሕኑን ይዞ ገንዳ ፍለጋ ይዞራል። «ንጹሕ አገር ናት ይላሉ፣ ቅርጫት የላትም!» ብሎ ያማርራል። በመጋቢት 1995 በቶኪዮ የምድር ባቡር ውስጥ የሳሪን መርዝ ጥቃት ከደረሰ ወዲህ ከየጣቢያውና ከየመንገዱ ብዙ ቅርጫቶች ተነስተዋል። መፍትሔው ቀላል ነበር። የገዛህበት ሱቅ ደጃፍ ብዙ ጊዜ ለራሱ እንጨትና ሳሕን ቅርጫት አለው፤ እዚያው ቆመህ በልተህ እዚያው ትጥላለህ። ሁለት መቶ ሜትር ከተራመድክ በኋላ ግን የሚቀርህ ቦርሳህ ውስጥ የታጠፈች ፌስታል ናት፤ እሷን ያልያዘ ከሆቴል አይውጣ።

ስለ ጾም የሚጠይቁም አሉ፤ በደንብ ይጠይቁ። «ሥጋ አለበት?» ብለህ «የለም» ከተባልክ የለም ማለት ሥጋ የለም ማለት ብቻ ነው። ዳሺው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ኮምቡ ከተባለ የባሕር ቅጠልና ታጥኖ ከደረቀ ቦኒቶ ዓሣ ነው፤ መረቅ ያየ ነገር ሁሉ ውስጥ አለ። ዓሣ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ ከተከፈተ ሁዳዴ ያልቃል። ኦክቶፐሱ ግን ክርክር አያሻውም፤ ዘሌዋውያን 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት ለይቶ አስቀምጦታል፤ እዚህ ላይ እኛና እስራኤል ያሉት ወገኖቻችን አንድ ገጽ ላይ ነን። ሙስሊም ወንድሞቻችን ደግሞ አሳማውን ተጠንቅቀው በዶሮው ጥብስ ይያዛሉ፦ ካራአጌ የሚሉት ይኸው የዶሮ ጥብስ ብዙ ጊዜ ከመጠበሱ በፊት ከሩዝ በተሠራ የአልኮል መጠጥ ይታሻል፤ ጣፋጩ ሶስም ሚሪን የተባለ አልኮል ያለበት ማጣፈጫ ሊኖረው ይችላል። በነገራችን ላይ ጃፓን ከውጭ ከምታስገባው ኦክቶፐስ ብዙው ከሞሪታኒያና ከሞሮኮ ባሕር የተያዘ ነው። አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በርረህ የአፍሪካን አውሬ ነው የምትበላው።

ለጾመኛው የሚበጀው ያኪኢሞ ነው፤ የተጠበሰ ስኳር ድንች፣ ሌላ ምንም የሌለበት። በብርድ ወራት «ኢሺ ያኪ ኢሞ» የሚል ዜማ እያሰማች የምታዘግም ትንሽ መኪና ትሸጠዋለች። ድንቹ በጋለ ጠጠር ላይ ቀስ ብሎ ይበስላል። ውስጡ 70 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ሲቆይ፣ በድንቹ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ማልቶስ ስኳር ይለውጠዋል። እሳት አብዝተህ ብታጣድፈው ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጨርስ ይሞታል፤ ድንቹ ይበስላል፣ አይጣፍጥም። ማይክሮዌቭ የሚያወጣው ስኳር ድንች ስኳር የሌለው ድንች የሚሆነው ለዚህ ነው። የቸኮለች፣ አላልኩም?

ከአሳ ቅርጹ ኬክ ከታይያኪ ብዙ የሚባል የለም፤ ከ1909 ጀምሮ ቶኪዮ ውስጥ ይጋገራል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ቸኮላት አይደለም፣ አዙኪ የተባለ በስኳር የተፈጨ ቀይ አደንጓሬ ነው፤ የወረቀቱን አፍ ከዘጋህበት በራሱ ላብ ይረጥባል። ዳንጎ ግን ያነጋግራል። ዳንጎ በእንጨት የተሰካ የሩዝ ዱቄት ድቡልቡል ነው፤ በሶያ ሶስና በስኳር ይለበጣል። ኪዮቶ ስትበላ አምስት፣ ቶኪዮ ስትበላ አራት ሆኖ ብዙ ጊዜ ይመጣል። እንዲህ ይተረካል፦ ድሮ አንዷ ፍሬ አንድ ሞን (የዚያ ዘመን ገንዘብ)፣ አምስቱ አምስት ሞን ነበሩ። በ1768 የአራት ሞን ሳንቲም ወጣ። የኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ሰዎች ግርግር ውስጥ አንዷን ሳንቲም ወርውረው ባለ አምስቱን ይዘው ሲሄዱ የተማረሩት ሻጮች እንጨቱን ባለ አራት አደረጉት። አራት ከፈልክ፣ አራት በላህ። እኛ ዘንድስ? ዳቦው ሲያንስ ማን ነገረን? ሳምቡሳው ሦስት ማዕዘንነቱ ሳይለወጥ ምስሩ ሲሸሽ፣ አየር ጠብሰው ሲሸጡልን፣ «ያው ነው» አይደለም እንዴ የሚባለው? ያው አይደለም! አምስት የነበረው አራት ሆኗል ብሎ በግልጽ ቆጥሮ የሰጠ ነጋዴ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያስታውሱታል።

ነጋዴ ሁሉ ቅን ነው አልተባለም። ቱሪስት የሚጎርፍባቸው ገበያዎች ውስጥ ሁለት ሦስት ቁራጭ ዋግዩ የተባለ የጃፓን ከብት ሥጋ እንጨት ላይ ሰክተው፣ ጋዝ ተኩሰውበት፣ ከ2,000 የን በላይ የሚጠይቁ አሉ። ስምንት ፍሬ ታኮያኪ ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 800 የን ውስጥ በሚገኝበት አገር! ምክሩ አጭር ነው፦ የሰፈር ሰው ያልተሰለፈበትን እንጨት አትንካ።

ኦሳካ ሺንሴካይ ሰፈር ደግሞ ኩሺካትሱ አለ፤ ሥጋም አትክልትም በእንጨት ተሰክቶ፣ ዱቄት ለብሶ፣ ዘይት ውስጥ ይጠበሳል። የድሮ ሥርዓቱ ሶሱ በጋራ ዕቃ ይቀርባል፣ «ሁለቴ መንከር ክልክል ነው» ይላል ግድግዳው። አንዴ ነክረህ ነከስክ፣ አለቀ። ሶስ ካነሰህ በጎመን ቅጠል ትጨልፋለህ። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ብዙዎቹ ሶሱን በጠርሙስ አድርገዋል። ከአንድ ትሪ ለስድስት የሚበላ፣ አፉ የነካውን ጣት መልሶ ወጥ ውስጥ የሚያስገባ፣ ጉርሻ ላይ ጣቱን እስከ ጉሮሮ የሚሰድ ሕዝብ ይህን ማስታወቂያ ሲያነብ መሳቁ አይቀርም። ይሳቅ፣ ግን አይንከር።

ፉኩኦካ ሲመሽ ከሚዘረጉት ድንኳን ቤቶች ከያታይ ብትገባም መቀመጫው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ሰው ቢያንስ አንድ ነገር ያዝዛል፣ በልቶ ይነሳል። ሽንት ቤት የላቸውም፤ ቀድመህ ሂድ። «የመንገድ ምግብ» የተባለው ራሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚበላ መሆኑን ልብ ይሏል። ተቀመጥ፣ ወይ ቁም! ቆሞ በል ሲሉት ግን «ቆሞ ቀር» የተባለ ይመስለዋል መሰለኝ፣ ወዳጃችን አሁንም ይራመዳል።

የት አደረስነው? አዎ፣ ዶቶንቦሪ ድልድዩ ላይ። የመጀመሪያዋን ዋጥ አድርጓታል፤ ሰባት ቀርተዋል። ሁለተኛዋን በአንድ ስቴኪኒ ወግቶ ሲያነሳት ትሽከረከርበትና ሶሷን እየዘራች ጫማው ላይ ታርፋለች። ሻጩ የሰጠው እኮ ሁለት ስቴኪኒ ነበር። አንደኛው ለሚስቱ መስሎት ሰጥቷታል። ሁለቱም የእሱ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲወጉ ኳሷ አትዞርም።