በጀት ሲያጥር ቅድሚያ ለየትኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጥ? የጽሑፍ ክርክር

የ2018 የፌዴራል መንግሥት በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ ጸድቋል። በብር ሲቆጠር ከዚያ በፊት ከነበሩት ሁሉ የሚልቅ ቢሆንም ከ400 ቢሊዮን ብር በላይ ጉድለት አለበት፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ዩኒቨርሲቲዎች የሚደርሳቸው ብር ቀድሞ ይገዛ የነበረውን አይገዛም። ለክርክር የቀረበው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፦ መንግሥት ከ40 በላይ የሆኑትን ዩኒቨርሲቲዎቹን በሙሉ በሚገባ መደገፍ ካልቻለ፣ ያለውን ገንዘብ በነባሮቹ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ያሰባስብ ወይስ አዳዲሶቹን ከመዳከም ይጠብቅ? የመጀመሪያው ተከራካሪ በአንድ ነባር ዩኒቨርሲቲ በዕቅድና በጀት ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ በአራተኛው ትውልድ፣ ማለትም በመጨረሻው የማስፋፊያ ዙር፣ ከተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የኬሚስትሪ መምህርት ናቸው።

የመጀመሪያው ተከራካሪ

የገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ጣሪያውን ካሳወቀ በኋላ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሆነውን በቅርብ ያየ ሰው፣ እኩል ቅነሳ ፍትሐዊ ነው የሚለውን አስተያየት ለመቀበል ይቸገራል። ጣሪያው ዝቅ ሲል ዩኒቨርሲቲው ደመወዝ መቀነስ አይችልም፤ የተማሪ ምግብም መቀነስ አይችልም፤ መብራትና ውኃም እንደዚሁ። መቀነስ የሚቻለው የላቦራቶሪ ኬሚካል፣ የምርምር ድጋፍ፣ የመጻሕፍት ግዥ፣ የጥገናና የመስክ ሥራ ወጪ ብቻ በመሆኑ በየዓመቱ የሚቀነሱትም እነዚሁ ናቸው። ቅነሳው ለሁሉም በእኩል መጠን ሲደርስ ከ40 በላይ ተቋማት ደመወዝ ከፍለውና ተማሪ መግበው ዓመቱን ይዘልቃሉ፤ የተቋቋሙበትን ሥራ ግን አንዳቸውም በአግባቡ አይሠሩም።

የምግቡን ነገር ብቻ እንመልከት። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ ወጪ ለዓመታት 15 ብር ነበር፤ ከዚያ 22 ብር ሆነ፤ በመጨረሻም ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው የዘገየ እንጂ የበዛ አይደለም፤ በ100 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት ማቅረብ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ማንኛውም የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ 5 ሺህ ተማሪ በካፌ የሚመግብ ተቋም በዓመት 300 ቀን ቢያበላ ለዚሁ ብቻ 150 ሚሊዮን ብር ያስፈልገዋል። ይህ ገንዘብ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት፤ ጣሪያው በዚያው ልክ ካልጨመረ የሚመጣው ከላቦራቶሪው ነው።

በሌላ በኩል የተማሪው ቁጥር ራሱ ተለውጧል። የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ፣ ማለትም 27 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። ለ40 ተቋማት ብናካፍላቸው ለእያንዳንዱ 700 ተማሪ አይደርሰውም። በ2016 የማለፊያ ምጣኔው 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል፤ መሻሻሉ የሚያስደስት ቢሆንም፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሲገነቡ ታስቦ የነበረውን የተማሪ ብዛት ለመሙላት ገና ብዙ ይቀረዋል። ጥቂት መቶ አዲስ ተማሪ የሚቀበለው ተቋም ግን ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንቶች፣ ሬጅስትራር፣ የግዥ ክፍል፣ የተሽከርካሪ ስምሪትና የጥበቃ ሠራተኛ ብዙ ሺህ እንደሚቀበለው ተቋም ሁሉ ያስፈልጉታል።

በ2013 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎችን እንደየሥራ ትኩረታቸው ለመለየት በተደረገው የተልዕኮ ልየታ ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች፣ እነሱም አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ መቀሌና አርባ ምንጭ፣ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ተሰይመዋል። ልየታው ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ስያሜውን አልተከተለም። የአገሪቱን ሐኪሞች፣ የድኅረ ምረቃ ምሩቃንና የዩኒቨርሲቲ መምህራን በብዛት የሚያፈሩት እነዚህ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። እንዲህ ያለ ተቋም ሲዳከም ጉዳቱ በአንድ ከተማ ተወስኖ አይቀርም። በመሆኑም ለጥቂት የበጀት ዓመታት አዲስ ግንባታ ይቁም፤ በአነስተኛ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ያጡ ትምህርት ክፍሎች ይታጠፉ፤ የተረፈው ገንዘብ ለስምንቱ የምርምርና የድኅረ ምረቃ ሥራ እንዲሁም ለማስተማሪያ ሆስፒታሎች ይዋል እላለሁ።

ሁለተኛዋ ተከራካሪ

የተከበሩ ተከራካሪዬ ያቀረቡት ስሌት ትክክል ነው፤ የደረሱበት መደምደሚያ ግን ከስሌቱ የሚከተል ሆኖ አላገኘሁትም። 3.2 በመቶ የሚለው ቁጥር የሚመዝነው ዩኒቨርሲቲን ሳይሆን ከአንደኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ነው። ያንን ትምህርት የሚያሻሽለው የተሻለ መምህር ከሆነ፣ መምህሩ የሚሠለጥንበትንና በክረምት ተመልሶ የሚማርበትን በአቅራቢያው ያለ ዩኒቨርሲቲ ማዳከም ችግሩን ያራዝመዋል። ከዚህም ሌላ የማለፊያውን ነጥብ ሳያገኙ የቀሩ ብዙ ሺህ ወጣቶች በሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባታቸውን ስሌቱ አላካተተም። እነዚህን ልጆች ተቀብለው ከመሠረቱ ጀምሮ ያስተማሩት ነባሮቹ ብቻ አይደሉም፤ አዳዲሶቹም ናቸው።

የማስተምርበት ክፍል ምን እንደሚመስል ልግለጽ። የአሲድና የቤዝ ምጠና (ታይትሬሽን) ለማሳየት ቡሬት፣ ማለትም ፈሳሽ በጠብታ የሚለካበት ቱቦ፣ አለ፤ መቆሚያው አለ፤ አመላካቹ ኬሚካል ግን ካለቀ ቆይቷል፤ ግዥው በዋጋ ንረት ምክንያት ተጫራች አጥቶ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። ስለዚህ ፈሳሹ በየትኛው ጠብታ ወደ ሮዝነት እንደሚለወጥ በሰሌዳ ላይ እጽፍላቸዋለሁ፤ ተማሪዎቼም ያላዩትን ውጤት በላብራቶሪ ሪፖርታቸው ላይ ይሞላሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም፤ ፈተናው ደግሞ በአዲስ አበባም በጂንካም አንድ ዓይነት ነው። መንግሥት በአንድ ፈተና ሊመዝናቸው ከወሰነ፣ ለፈተናው የሚዘጋጁበትን ዝቅተኛውን መሣሪያ ለሁሉም ማዳረስ ግዴታው ይመስለኛል።

ታሪኩም እኛን ይደግፋል። በ1990 ዓ.ም. ገደማ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት የመንግሥት ተቋማት አዲስ አበባና አለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ብቻ ነበሩ። ዛሬ የምርምር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ጎንደር፣ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ በፈጀ ማግስት በ1940ዎቹ የተከፈተ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር፤ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ በቡድን ወደየጤና ጣቢያው ይልክ ነበር። አርባ ምንጭ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተከፈተ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። በዚያ ዘመን ገንዘብ ይትረፈረፍ ነበር የሚል ሰው አይኖርም፤ ሆኖም ገንዘቡን ሁሉ በመዲናዪቱ እናሰባስብ የሚለው ሐሳብ አሸንፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ተከራካሪዬ ከሚጠብቋቸው ስምንት ተቋማት አብዛኞቹ ባልኖሩም ነበር።

በመጨረሻም ሌላ ገቢ ማግኘት የሚችለው ማን እንደሆነ ይታይ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ሆኗል፤ በከፍተኛ ክፍያ የሚያስተምራቸው ተማሪዎች፣ የማማከር ሥራዎች፣ በመዲናዪቱ እምብርት ያሉ ይዞታዎች አሉት። በደባርቅ፣ በመካነ ሰላም፣ በቀብሪ ደሐር ወይም በቦንጋ ያለ ዩኒቨርሲቲ የማታ ተማሪ ከየት ያመጣል? የመንግሥት ገንዘብ ሲያንስ መሄድ ያለበት ሌላ ምንጭ ወደሌለው ተቋም ነው። ደግሞም ነባርና አዲስ የሚለው ክፍፍል ራሱ ችግሩን በትክክል አያሳይም፤ በጦርነቱ የተዘረፉት የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለረጅም ጊዜ ማስተማር ያቆሙት በትግራይ ያሉት አራት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ነባርም አዲስም አሉባቸው፤ የሚያስፈልጋቸው መልሶ ማቋቋም ግን በትውልድ ተራ የሚሰጥ አይደለም።

የመጀመሪያው ተከራካሪ

የጎንደርንና የአርባ ምንጭን ምሳሌ በደስታ እቀበላለሁ፤ ምክንያቱም የእኔን ሐሳብ ከእኔ በተሻለ ያስረዳል። ጎንደር ሲጀምር ጤናን ብቻ ያስተምር ነበር፤ አርባ ምንጭ ውኃን ብቻ። ሐረማያም ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ እንጂ በመጀመሪያው ዓመት ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ሶሲዮሎጂና ሲቪል ምሕንድስና አልከፈተም። አነስተኛ ገንዘብ ውጤት ያመጣው በአንድ ሙያ ላይ ስለዋለ ነው። የአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ከመከፈታቸው ብዙም ሳይቆዩ በበርካታ የትምህርት መስኮች ተማሪ መቀበል ጀመሩ፤ የየአካባቢው ሕዝብ የጠየቀው ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ፖለቲካውም ያንኑ ሰጠ። ቦንጋ በቡናና በደን ላይ፣ ጂንካ በአርብቶ አደሩ አካባቢ የእንስሳት ሀብት ላይ ቢያተኩሩ ኖሮ ዛሬ ትምህርት ክፍሎቻቸውን ማጠፍ የሚል ሐሳብ ለማንም ባልመጣ ነበር።

የእርስዎ ላቦራቶሪ ሁኔታ ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 ያነሱ ተማሪዎች ያሏቸው ትምህርት ክፍሎች የሉም? ካሉ፣ የአመላካቹ ኬሚካል ገንዘብ የሄደው ወደ አዲስ አበባ ሳይሆን ወደ ጎረቤት ሕንጻ ነው። ስለ ራስ ገዝነትም ቢሆን፣ የማታ ተማሪ ክፍያ የመምህራንን ትርፍ ሰዓት ይሸፍን ይሆናል፤ የማስተማሪያ ሆስፒታል መድኃኒት ግን ሊሸፍን አይችልም። የጥቁር አንበሳ ታካሚ ከየክልሉ በሪፈር የሚመጣ ነው፤ ብዙው መክፈል አይችልም።

ሁለተኛዋ ተከራካሪ

ያልበዛ ተማሪ ያላቸው ትምህርት ክፍሎች በእኛም ዘንድ አሉ፤ አንዳንዶቹ ቢታጠፉ አልቃወምም። የምቃወመው የሚታጠፈውን የሚወስነው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ተማሪ የበዛበት ይቆይ፣ ያነሰበት ይታጠፍ የሚል ደንብ ከወጣ መጀመሪያ የሚጠፉት ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ጂኦሎጂና ሒሳብ ናቸው፤ በየመሰናዶ ትምህርት ቤቱ መምህር የታጣባቸውም እነሱው ናቸው። የሚቀሩት ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ የሚበቃቸው ትምህርቶች ይሆናሉ። ስለዚህ ድልድሉ በትምህርቱ ወጪና በአገሪቱ ፍላጎት ይመዘን፤ ስሌቱም የበጀት ጥሪው ሲተላለፍ ለሁሉም በይፋ ይነገር። ዛሬ በበጀት መድረኩ ላይ ተቋማቱ የሚከራከሩት የትኛው መመዘኛ እንደሚሠራባቸው በትክክል ሳያውቁ ነው፤ በዚህ ሁኔታ የሚያሸንፈው የተሻለ ተናጋሪ ያለው ወይም ለሚኒስቴሩ በር የቀረበው ነው።

ትምህርት ክፍሎቹ ታጥፈው ተማሪዎቹ ወደ ነባሮቹ ይዛወሩ ቢባልም ያለ ወጪ አይሆንም። በነባሮቹ ግቢዎች ዶርም የሞላ ነው፤ ካፌውም የሚያበላው በዚያው 100 ብር ነው፤ ስለዚህ ከተዛወረ ተማሪ ላይ የምግብ ወጪ አይቀነስም። ሴት ልጃቸውን ወደ ሩቅ ቦታ ለመላክ የሚሠጉ ወላጆች ደግሞ፣ በተለይ መንገድ በማያስተማምንባቸው ባለፉት ዓመታት፣ ምደባው ሲደርሳቸው ልጅቷን ቤት ማስቀረት እንደመረጡ ከተማሪዎቼ ታናናሽ እህቶች አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ተከራካሪ

ስሌቱ በይፋ ይነገር በሚለው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች በተማሪ ቁጥር ብቻ እንዳይመዘኑም እንዲሁ። ያልተስማማንበት አንድ ጉዳይ ግን ይቀራል። በትምህርት ክፍልዎ ካሉት መምህራን ለዶክትሬት የወጡት የሚማሩት የት ነው? አብዛኞቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ናቸው። የዶክትሬት ተማሪ ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል) በዶላር ይገዛል፤ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር ባለፈ ዶላር። የነባሮቹ የድኅረ ምረቃ ገንዘብ ካልተጠበቀ እነዚያ መምህራን በአራት ዓመት የሚጨርሱትን በስምንት ዓመት ይጨርሳሉ፤ የእርስዎ ተማሪዎችም ያን ያህል ጊዜ ያለ እነሱ ይቆያሉ።

ሁለተኛዋ ተከራካሪ

ይህን ነጥብ የሚክድ መምህር አይኖርም፤ እኔም ትምህርቴን ልቀጥል ስል የምሄደው ከእነዚያ ወደ አንዱ ነው። እንግዲያው የዶክትሬት ማሠልጠኛው ገንዘብ ለነባሮቹ በጥቅል ከመሰጠት ይልቅ በላኪው ዩኒቨርሲቲ በጀት ውስጥ፣ በሠልጣኙ መምህር ስም ይመዝገብ። ገንዘቡ መምህሩን ለተቀበለው ተቋም ለምርምሩ ይከፈላል፤ ትምህርቱ ሲጓተት ላኪው መጠየቅ ይችላል፤ ሲያልቅ መምህሩ ወደ ላከው ዩኒቨርሲቲ ይመለሳል። ጅማም ሆነ ሐዋሳ ኬሚካሉን ያገኛሉ፤ እኛም መምህሩን እናገኛለን። ገንዘቡ በእኛ መደብ ላይ ሲያልፍ ነባሮቹ ዩኒቨርሲቲዎች የማይስማሙበት ምክንያት ካለ ተከራካሪዬ ቢገልጹልኝ አነባለሁ።