ከድጡ ወደ ማጡ፦ ነፍሰ ጡሮችን ከፓራሲታሞል ያስሸሸው ንግግር

ዶናልድ ትራምፕ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ነፍሰ ጡሮች ታይሌኖል እንዳይወስዱ፣ ሕመሙን ቻል እንዲያደርጉት መከሩ። ኦቲዝም ያመጣል ነው ነገሩ። ታይሌኖል እኛ ፓራሲታሞል የምንለው ነው። ማስረጃ ካሉት ሁሉ ያናደደኝ የኩባው ነው፦ ኩባ ታይሌኖል መግዣ ገንዘብ የላትም፣ ኦቲዝምም የለም ማለት ይቻላል፤ እንዲያ ይወራል አሉ። ይወራል! ሃቫና ውስጥ ለኦቲስቲክ ልጆች የተከፈተው ትምህርት ቤት ታዲያ ማንን ያስተምራል? በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የስዊድን ጥናት ወደ 2.5 ሚሊዮን ልጆችን አይቶ፣ የአንድ እናት ልጆችን እርስ በርስ ሲያነጻጽር ግንኙነት አላገኘም። እሱ ከወሬ አነሰ።

ይሁን። ፓራሲታሞልን የፈራች ሴት ራሷን ሲፈልጣት ምን ትውጣለች? አንዷ ሆዷ ገፍቶ ፋርማሲ ትገባና «ፓራሲታሞል ይቅርብኝ፣ ሌላ ጠንከር ያለ የለህም?» ትላለች። ልጁ ቀና ሳይል ዲክሎፌናክ በመቀስ ቆርጦ ይሰጣታል። ሌላዋ እህቷ ከአሜሪካ የላከችላትን አድቪል ከመሳቢያ ታወጣለች። አድቪል አይቡፕሮፌን ነው። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ጽንስ በሳንባው አይተነፍስም። ኦክስጅን የሚደርሰው ከእንግዴ ልጅ በእትብት በኩል ነው። ስለዚህ ወደ ሳንባ ሊሄድ ከነበረው ደም አብዛኛው በልብ አጠገብ ባለች አጭር የደም ሥር ሳንባውን አልፎ ይሄዳል። ያቺን መተላለፊያ ክፍት የሚያደርገው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ሕመም የሚያስታግሡት ደግሞ እሱኑ በመቀነስ ነው! በእርግዝና መጨረሻ ወራት ሲወሰዱ መተላለፊያዋ ያለጊዜዋ ልትጠብ ትችላለች። የሳንባው የደም ግፊት ይጨምራል፣ ሕፃኑም ተወልዶ ኦክስጅን ሊያጥረው ይችላል። ሐኪሞች ያለቀኑ በተወለደ ሕፃን ላይ ያቺን የደም ሥር መዝጋት ሲፈልጉ ከሚሰጡት አንዱ አይቡፕሮፌን መሆኑን ስንቱ ያውቃል?

ፓራሲታሞልም እንደ ከረሜላ አይቃምም፣ እሺ። በትንሹ፣ ለአጭር ጊዜ። ሐኪም የሚያዝዘው አነስተኛ አስፕሪንም፣ ከእነ አይቡፕሮፌን ወገን ቢሆንም፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ትኩሳትን «ቻይው» ማለት ግን ምክር አይደለም፤ ከፍተኛ ትኩሳት ራሱ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እንዳይወሰዱ ያስጠነቀቀው በ2020 እ.ኤ.አ. ነበር። ትራምፕ በተናገሩበት ዕለት ለሐኪሞች በጻፈው ደብዳቤም ያለሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡት ማስታገሻዎች ለነፍሰ ጡር የተሻለው ፓራሲታሞል እንደሆነ፣ አይቡፕሮፌን ጽንስን እንደሚጎዳ ገልጿል። ቪዲዮው ግን ዓለምን ሲያዳርስ ደብዳቤው ሐኪሞች ጋ ቀረ። ፋርማሲስቶቻችን ቢያንስ «ስንተኛ ወርሽ ነው?» ብለው ሳይጠይቁ መቀሱን አያንሡ።