ላሟ የለችበትም

ለገና ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ተሰብስበን ነበር። አብራሪነት የሚማረው የአክስቴ ልጅም መጥቷል። አቦሉ እየተቀዳ ድንገት ጉዱን ዘረገፈው። ከአስተማሪው ጋር ሲያርፍ ትንሿ አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው ወጥታ ሳር ውስጥ ገባች። ማንም አልተጎዳም።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ሰማይ ላይ ቢሆን እሺ። መሬት ላይ?» አሉ ጋሼ፣ በጣርማ በር መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ ያረጁት አጎቴ። አክስቴ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «በል ይሄን ለሰው እንዳታወራ» አለችው።

ሳቁ ምንም አይደለም። እኔን የከነከነኝ የአክስቴ ምክር ነው።

መጀመሪያ ግን የጋሼን ጥያቄ እንመልስ። መኪና የለመደ ሰው መንገድ ሲስት እጁ ወደ መሪው ይሮጣል። አውሮፕላን መሬት ላይ ስትሮጥ ግን አቅጣጫ የሚይዝላት በዋናነት እግር ነው። ፔዳሎቹ የጭራውን መሪ ያንቀሳቅሳሉ፤ እንደ ሴስና 172 ባሉት ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ የፊቱን ጎማም ያዞራሉ። ሰልጣኙ ደንግጦ በእጁ የያዘውን ቢጠመዝዝ አፍንጫዋ እሺ አትለውም። ለመነሳት ሙሉ ጉልበት ሲሰጣት ደግሞ ወደ ግራ ትሄድበታለች። ቀኝ እግሩን ይጫናል፣ ያበዛዋል፣ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ይመልሳታል፣ አሁንም ያበዛዋል። ባጃጅ የሚለማመድ ጎረምሳ ያየ ሰው ይህ ግራ ቀኝ አይጠፋውም።

ነፋስም አለ። የጎን ነፋስ ጭራዋን ሲገፋት አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞራል። ከፍታም አለ፣ እኛ ደገኞቹ የማናስተውለው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የፍጥነት መለኪያው 60 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት የሚለካበት አሃድ) ሲል፣ ነፋስ ባይኖር እንኳ መሬቱ ከጎማው ስር የሚሮጠው በ69 ኖት አካባቢ ነው። አየሩ ስለሳሳ ነው። አውሮፕላኗ በሩጫዋ ይዛ የምትመጣው ጉልበት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ጎማው መሬት ሲነካ ደግሞ ክንፉ ገና ክብደቷን ስላልለቀቀ ፍሬን ቢረገጥም ጎማው ይንሸራተታል።

መውጫ አለ። አስፋልቱን ይዛ መቆም ሳያቅታት፣ በጊዜ ጉልበት ሰጥቶ ተነስቶ፣ ዞሮ እንደገና መምጣት። «ጎ አራውንድ» ይሉታል። የኛ ገበሬ ዐውድማ ላይ መንሹን ይዞ ነፋሱ እስኪስተካከል ይቆማል፤ ማንም አልሳቀበትም። ሰልጣኙ ግን አስተማሪው አጠገቡ ተቀምጦ «አቃተው» እንዳይባል ይፈራል። ያፈረ ሰው ደግሞ እንደምንም ያርፋል።

ለዚህ ነው «እንዳታወራ» የሚለው ምክር የሚያስፈራኝ። የትኛውን እግር ቀድሞ ረገጠ? ነፋሱ መቼ ተቀየረ? አስተማሪው «እኔ ይዣለሁ» ያለው በጊዜው ነበር ወይስ ዘግይቶ? ይህን በደንብ የሚያውቁት ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ የአደጋ ምርመራ ዓላማው ሌላ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ እንዳልሆነ ይናገራል። እኛ ቤት ግን መጀመሪያ የሚታሰበው ገመና ነው። ጠጥቶ የሚያበር ይቀጣ፣ ማንም አይከራከርም። የዘገየ እግር ግን ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱም ልጁ ሲናገር ነጥብ የሚቀንስ ከሆነ፣ የአክስቴን ምክር በደብዳቤ እንደ ጻፈ ይቆጠራል።

በረካው ላይ ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«እኔም በጀማሪነቴ መኪና ቦይ ከትቻለሁ» አሉ። «ለባለቤቱ ላም ገባችብኝ አልኩት።»

«ላሟስ?» አለ ልጁ።

«ላም የለችም። ፍሬኑ በአንድ ወገን ብቻ ነበር የሚይዘው። በማግስቱ መኪናውን ለሌላ ሾፌር ሰጡት። ለእሱም ያልኩት ላም ነው።»