እርማት፦ ጋራዥባንድ የተወለደው በአይፓድ አይደለም

ጋራዥባንድ የአፕል ኩባንያ የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ነው። «ጋራዥባንድ መጀመሪያ ለአይፓድ ተሠርቶ ኋላ ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ» የሚል አባባል አለ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አፕል «ሎጂክ» የተባለውን የሙዚቃ ፕሮግራም የሠራውን የጀርመኑን ኩባንያ ኢማጂክን በ2002 እ.ኤ.አ. ገዛ። ከዚያው የመጣው ጌርሃርድ ሌንጌሊንግ ሥራውን መርቶ፣ የወቅቱ የአፕል መሪ ስቲቭ ጆብስ በጥር 2004 ጋራዥባንድን ለማክ ኮምፒውተር አስተዋወቀ። አይፓድ ራሱ የወጣው እኮ በ2010 ነው! በ2011 ለአይፓድ፣ ዓመቱ ሳያልቅም ለአይፎን ደረሰ።

የአይፓዱ ሥሪት ግን ተራ ግልባጭ አልነበረም፤ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። የስክሪኑ መስታወት የጣትን ጉልበት መለካት ስለማይችል፣ መሐንዲሶቹ ጣት ሲመታው አይፓዱ ምን ያህል እንደሚነቃነቅ የሚለካውን፣ በውስጡ ያለውን የእንቅስቃሴ መለኪያ ተጠቀሙ። በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ከበሮ ቀስ ብለው ሲነኩት በለሆሳስ፣ ጠንከር አድርገው ሲመቱት በኃይል ይጮኻል።